የፌይከ አርባ ዘንግ

አልጋው ባዶ ነበር።

ሂልካ ብርድ ልብሱን ገለጠች፤ ከአልጋው ሥር አየች፤ ከዚያ በረቱን፣ ከዚያም የቅቤ ጓዳውን። አባቷን ፌይከን እግሮቹ ከከዱት ሦስት ዓመት ሆኗል። ከአልጋ ወደ ምድጃ እንኳ የሚሄደው ተደግፎ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ገና ጎሕ ሲቀድ ወዴት ይሄዳል? የእንጨት ጫማዋን አጥልቃ በሩጫ ወጣች።

ውጭው ጉም ብቻ ነበር። ሊንስዌርት የተሠራችው የጥንት ሰዎች ጭቃ ቆልለው ባበጁት ጉብታ ላይ ስለሆነ፣ እንዲህ ባለ የመከር ጠዋት ሃያ ሁለቱ ቤቶች ከነቤተ ክርስቲያናቸው በነጭ ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ሂልካ ቁልቁለቱን ስትጀምር መጀመሪያ እግሮቿ ጠፉ፤ ቀጥሎ ወገቧ፤ ከዚያ ጉሙ በራሷ ላይ ተዘጋ።

«አባዬ!»

የመለሰችላት ላም ናት።

ወደ ባሕሩ ግድብ አቀናች። ለምን ወደዚያ እንደሆነ አታውቀውም። ብቻ ዛሬ የግድቡ ዳኛ የመከር ጉብኝት የሚያደርግበት ቀን ነው፤ አባቷም ከሳምንት ወዲህ ከግድቡ በስተቀር ያነሳው ወሬ አልነበረም። በዚህ አገር እያንዳንዱ ገበሬ በመሬቱ ልክ ተለክቶ የተሰጠው የግድብ ድርሻ አለው። የፌይከ ድርሻ አርባ ዘንግ ነው። ዘንግ ማለት ዳኛው ራሱ በትከሻው ተሸክሞት የሚዞረው ረጅም መለኪያ ነው። አርባ ዘንጉን ጠብቆ የያዘ በመሬቱ ይኖራል፤ ያልያዘ አይኖርም። ሌላ ሕግ ቢኖርም እንደዚህኛው ከእናት ጡት ጋር አይጠባም።

ሂልካ ግን ከጡት ቶሎ የተለየች ናት። እናቷ ስትሞት፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ወደ ደቡብ ወደ ብራባንት ገዳም ተላከች። እዚያ ላቲን ተማረች፣ ዜማ ተማረች፣ የአትክልት ቦታውንም ያዘች። አሥራ ስድስት ዓመት ኖራ፣ ክርስቲያን በክርስቲያን ላይ በተነሣበት በዚህ ዘመን ገዳሙ ሲዘጋ፣ በአንድ ጥቅል ልብስ ወደ ሊንስዌርት ተመለሰች። አራት ወር ሆናት። መንደሩ «እማሆይ» ይላታል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ እየሳቀ። እሷ ራሷ የትኛው እንደሚገባት አላወቀችም። ስትጸልይ የሚሰማት አለ ወይ ብላ ትጠራጠራለች፤ ስታልብ ላሞቹ ይጠራጠሯታል።

ከኮሎኝ ደብዳቤ መጥቶላታል። የተበተኑት እህቶች እዚያ ቤት አግኝተው ተሰብስበዋል፤ አልጋዋ ተዘጋጅቷል። ዛሬ እኩለ ቀን፣ ባሕሩ መሙላት ሲጀምር፣ ጀልባ አለ። እሄዳለሁ ብላ ለአባቷ ከነገረችው ሦስት ቀን ሆኗል። እሱም «መልካም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

መሬቱ ሽቅብ ሲሆንባት ግድቡ ጋ እንደደረሰች አወቀች። ሣሩ እርጥብ ስለነበር በአራት እግሯ ወጣች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ቀኝ እጇ አንድ ነገር ነካ። የቆመ አካፋ ነው፤ አፉ እስከ ትከሻው በግድቡ ጎን ተቀብሯል። እጀታውን በጣቶቿ አወቀችው፤ የአባቷ አውራ ጣት በሃምሳ ዓመት የቦረቦረው ጉድጓድ አለው።

በገዳሙ መሣሪያ ውጭ ማደር ኃጢአት ነበር። አንዲት መኮትኮቻ በአትክልቱ ውስጥ ተረስታ ካደረች፣ ኃላፊዋ ሂልካ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ በድንጋይ ወለል ላይ ተንበርክካ ትውላለች። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። አካፋውን ነቀለችው።

«አትንኪው!» የሚል ድምፅ ከታች ከጉሙ ውስጥ ጮኸ። «ልጄ፣ በእግዚአብሔር፣ አትንኪው!»

«አባዬ?»

«ማናት እዚያ?» አለ ሌላ ድምፅ ከላይ፣ ከግድቡ ጀርባ። «አካፋ ይዛ የቆመችው ማናት?»

ከላይ ሦስት ጥላዎች ወጡ። ፊተኛው ረጅም ዘንግ ተሸክሟል። ኡልፈርት ነው፣ የግድቡ ዳኛ፤ የኋለኞቹ ሁለት መማክርት ናቸው። ከታች ደግሞ ባለ አንድ እግር የእጅ ጋሪ ሲንቋቋ ተሰማ፤ ጎረቤታቸው ሲብረን እየገፋ መጣ። ጋሪው ውስጥ፣ በበግ ለምድ ተጠቅልሎ፣ ፌይከ እንደ ጥቅል ጎመን ተቀምጧል።

ያን ጊዜ ሂልካ ምን እንዳደረገች ገባት። በልጅነቷ ገመድ ስትዘል የምትዘፍነው ነበር፦

መገደብ ያቃተው፣
መሰደድ ነው ዕጣው።

ድርሻውን መያዝ ያቃተው ገበሬ አካፋውን በገዛ እጁ በግድቡ ላይ ይተክላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤቱም፣ መሬቱም፣ ላሞቹም የእሱ አይደሉም። በዳኛ ፊት አካፋውን የነቀለ ሁሉንም ይወርሳል፤ ከነግድቡ፣ ከነዕዳው። አባቷ ሌሊቱ ሳይነጋ በሲብረን ጋሪ መጥቶ፣ በሆዱ እየተሳበ ወጥቶ ተክሎታል። ሲብረን ሊነቅለው ዳኛውን እየጠበቀ ነበር። እሷ ስትጣራ ሁለቱም እስትንፋሳቸውን ውጠው፣ አልፋቸው እስክትሄድ ተደብቀው ነበር።

«እማሆይ!» አለ ሲብረን፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «ምነው! ምነው ዛሬ እንኳ ብትጸልዪ! በይ መልሺው፣ ቶሎ! ጉም ነው፤ ማንም አላየ።»

«እኔስ?» አለ ዳኛው።

«እርስዎማ... እርስዎማ ክቡር ዳኛ...»

«እኔማ ምን?»

ዳኛ ኡልፈርት ዘንጉን ከትከሻው አውርዶ ተደገፈበት። ሰባ ያለፈው ሰው ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ነጭ ሞራ ወጥቷል። ሂልካን ሳይሆን አጠገቧ ያለውን ጉም እያየ ተናገረ።

«የፌይከ ልጅ ነሽ? የላቲኗ?»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ይህን ያደረግሽው አስበሽበት ነው?»

«አይደለም። ውጭ ተረስቶ መስሎኝ ነው።»

ከመማክርቱ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«እንግዲህ ስሚ» አለ ዳኛው። «እኔ ሽማግሌ ነኝ። ዓይኔ ውጭው ሲጠራም ጉም ነው። እስከ ውሃ ማስወጫው በር ሄጄ እመለሳለሁ። ስመለስ የማገኘውን ነው አየሁ የምለው። ተተክሎ ካገኘሁት፣ ተተክሏል። በእጅሽ ካገኘሁት፣ መሬቱም ግድቡም የአንቺ ነው። ሲብረን፣ አንተ ከእኔ ጋር ና።»

«እኔ ምን ልሠራ?»

«የሚጠቀም ሰው ከሚመርጥ ሰው አጠገብ አይቆምም። ና ብያለሁ።»

ሄዱ። እግሮቻቸው ጠፉ፣ ድምፃቸው ግን ጥቂት ቆየ፤ ሲብረን ስለ ግጦሹ ያጉረመርማል፣ ዳኛው ስለ ጉልበቱ። ከዚያ ጉሙ ድምፁንም ዋጠው። ከግድቡ ማዶ፣ በማይታይበት፣ ባሕሩ በቀስታ ይተነፍሳል። ሂልካ ይህን ድምፅ በብራባንት አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማው ነበር፤ ስትነቃ የምታገኘው ግን የእህቶችን እስትንፋስ ነበር።

«መልሺው» አለ ፌይከ።

«ለምን እንዲህ አደረግክ?»

«ምን ላድርግ! እግር አለኝ? ልጅ አለኝ? ወንድምሽ የለ። አንቺም ጀልባሽ ዛሬ ነው።» ለምዱን እስከ አገጩ ሳበው። «ከሲብረን ጋር ጨርሻለሁ። ከምድጃው አጠገብ ያለችውን ክፍል ይሰጠኛል። እስክሞት ሾርባዬን አያጓድልም። ሚስቱ ስትናደድ ቀጭን ይሆናል እንጂ።»

«ለእኔ ብለህ ነው?»

«መሬት ያለው አባት ልጁን ይጠራል። አንድ ክረምት ታመምኩ ይላል፣ ትመጫለሽ። በሚቀጥለው ላሟ ወለደች ይላል። መሬት የሌለው ግን በምን አፉ ይጠራል? ሂጂ ብዬሻለሁ። ሳልጠራሽ እንድትሄጂ ነው።»

ሂልካ አባቷን አየችው። አሥራ ስድስት ዓመት ስታስበው የኖረችው ሰው ትልቅ ነበር፤ በሩን ሲያልፍ ጎንበስ የሚል። ይህኛው በጋሪ የሚገባ ነው። ልቧ አዘነ፤ ደግሞም፣ ለራሷም ያሳፈራት ነገር፣ ቀለላት። ኮሎኝን አየቻት። አይታት አታውቅም፤ ቢሆንም ነጭ ግድግዳ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ በሰዓቱ የሚደወል ደወል ታየቻት። ማንም ከእሷ ላም እንድታልብ የማይጠብቅበት አገር።

«እሺ» አለች።

ጎንበስ ብላ የአካፋውን አፍ ወደ ጉድጓዱ አስጠጋች።

ጉድጓዱ ውሃ ይዟል።

ዝናብ ከዘነበ አምስት ቀን አልፏል። ሂልካ ጣቷን ነክራ ላሰችው፤ ጨው ነው። አካፋውን ወደ ዓይኗ አቀረበች። አፉ ላይ የተጣበቀው ሸክላ አፈር አልነበረም። ጥቁር፣ የበሰበሰ፣ የበረት ሽታ ያለው ጭድ ነው።

«አባዬ፤ ይህ ምንድን ነው?»

ፌይከ ወደ ጉሙ ዞረ።

«አባዬ።»

«ስድስት ዘንግ ብቻ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሌላው ደህና ነው። ስድስት ዘንግ።»

ቀስ እያለ ነገሩ ወጣ። ከአሥር ዓመት በፊት፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ማግስት፣ ባሕሩ ግድቡን የበሳው እዚህ ላይ ነበር። ልጁ ኤልቀ ቀዳዳውን በጆንያ ሊደፍን ገብቶ አልወጣም። ውሃው ሲጎድል ዳኛው ለእያንዳንዱ ገበሬ እስከ ገና ዝጋ ብሎ ቀን ቆረጠ። ሁሉም የየራሱን ይዘጋ ነበር። ሸክላው ያለው ከመንደሩ ማዶ ነው፤ በሁለት እጅ ተጎትቶ አያልቅም። ጭድ ግን በረት ሙሉ ነበር፤ ከብቶቹ ሰጥመው በላተኛ ያጣ ጭድ።

«ጭዱን ረገጥኩት። ከላይ አንድ ክንድ ሸክላ፣ ከሸክላው ላይ ሣር። እግሬ እስኪከዳኝ ሣሩን እንደ ሙሽራ ፀጉር አበጠርኩት። ዳኛ የሚያየው ሣር ነው። 'ያማረ ግድብ የፌይከ ነው' ይሉኛል እኮ!»

«ጋሽ ሲብረን ያውቃል?»

ፌይከ የለምዱን ጠጉር መንጨት ጀመረ።

«አያውቅም ማለት ነው? መሬቱ የእሱ ግድቡም የእሱ ሲሆን፣ ማታ ማታ ሾርባውን እየጠጣህ...»

«ከሞትኩ በኋላ ያገኘው ነበር!»

«ባሕሩ ካልቀደመው።»

ፌይከ እጆቹን በለምዱ ውስጥ ደበቀ። «እኔ ሌላ ጉልበት አልነበረኝም» አለ፤ ድምፁ የሕፃን ሆነ። «አንቺ አልነበርሽም።»

አልነበረችም። ኤልቀ የሞተ ለት እሷ በመዘምራን መካከል ቆማ ትዘምር ነበር። ደብዳቤው ብራባንት የደረሰው በአራተኛው ወር ነው። አራት ወር ሙሉ፣ ማታ ማታ በስሙ እየጠራች፣ ለሞተ ሰው ጤና ስትለምን ኖራለች። ስለዚህ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ጥርጣሬዋ የጀመረው ከመጽሐፍ ነው ብለው የሚያስቡት ተሳስተዋል፤ ከቀን መቁጠሪያ ነው።

አሁንም ወደ ኮሎኝ ትሄዳለች እንበል። ለሃያ ሁለት ቤቶች ትጸልያለች። አንድ ቀን ደብዳቤ ይደርሳታል፤ ስትቆጥረው እንደገና ለሙታን ጤና ስትለምን እንደነበረ ታውቃለች።

ከላይ የዘንጉ ጫፍ መሬት ሲነካ ተሰማ። ጥላዎቹ ተመልሰው መጡ።

«ምን ልይ?» አለ ዳኛ ኡልፈርት።

ሂልካ አካፋውን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አለች። «በእጄ ነው፣ ጌታዬ። ግን ከዚያ በፊት ይህን ይንኩ።» ጭዱን በመዳፉ ላይ አኖረችለት። ሽማግሌው አሸው፤ አሸተተው። «ስድስት ዘንግ እንዲህ ነው። ከአሥር ዓመት ጀምሮ።»

ከሁሉ ቀድሞ የተንቀሳቀሰው ሲብረን ነው። ቁልቁል ወርዶ ጋሪው ፊት ቆመ።

«ፌይከ።»

«ሲብረን...»

«ሠላሳ ዓመት አብረን በላን። ልጅህን ከጭቃ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በእነዚህ እጆች። አንተ ልታወርሰኝ የነበረው ሬሳ ነው? ሣር አልብሰህ?» ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ። «ሾርባ! ሾርባ ደግሞ ትመርጥብኛለህ፣ 'ቀጭን አልወድም' እያልክ!» ፊቱን አዙሮ ጉሙ ውስጥ ገባ። ጋሪውን እንኳ ትቶ ሄደ።

ዳኛው ጭዱን አልጣለም። «ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ግድብ ተመላለስኩ» አለ። «የጎረቤቱን ጉድለት የሚነግረኝ በየዘንጉ አገኛለሁ። የገዛ ጉድለቱን የነገረኝ ግን እስከ ዛሬ አልነበረም። ምን እንደምልሽም አላውቅም፤ ሕጉ ላይ አልተጻፈም።» ጥቂት አሰበ። «ጨረቃዋ በምትወለድበት ቀን ባሕሩ ይገፋል። ዘጠኝ ቀን አለሽ። ጭዱን እስከ ደህናው አፈር አውጪ፣ በሸክላ ሙዪ። የከፈትሽውን በዚያው ቀን ዝጊ፤ አንድ ክንድ ክፍት አይደር። ካልሆነልሽ አንቺም አባትሽም ትወጣላችሁ፤ ይህን አካፋም ሁለተኛ የሚነቅለው አይገኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ? ይሁን።» ዘንጉን ተሸከመ። መማክርቱ ሲያልፉ ሁለቱም ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልታወቀም።

ሂልካ መቆፈር ጀመረች። ጭዱ እየተገመሰ ሲወጣ ሽታው ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ክረምት የመጣ ያህል ቀዝቃዛ ነበር። ፌይከ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን ከቦዩ በኩል የጀልባው ቀንድ ተነፋ፤ ረጅም፣ በጉሙ የታፈነ፣ እንደ ሩቅ በሬ።

«ቀንዱ ነው» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

ደግሞ ተነፋ። ሂልካ አካፋውን መትከልም መንቀልም አቃታት፤ እንደያዘችው ቆመች። ሦስተኛው ሲነፋ ርቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለአጭር ጊዜ ነው፤ አፍንጫዋን በጭቃ እጇ ስለጠረገች ጢም አወጣች።

«እንደ ገንፎ አታማስዪው እንጂ!» አለ ፌይከ ዓይኑን ገልጦ። «ቁረጪ! ከጎን ቁረጪና አንሺ። ወገብሽን ሳይሆን ጉልበትሽን እጠፊ። ላቲን ሲያስተምሩሽ መጎንበስ አላስተማሩሽም?»

ሸክላውን በሲብረን ጋሪ ማምጣት ነበረባት። ስለዚህ አባቷን አውርዳ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። ከመንደሩ ማዶ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ሁለተኛውን ስትገለብጥ፣ የከፈተችው እንደ በረት በር ሰፍቶ፣ የሞላችው ግን እንደ ድስት ሆኖ ታያት። ቀኑ ወደ ማታ ዘንበል ብሏል። ቀና ብላ አባቷን አየችው፤ አባቷም ተመሳሳዩን ልክ ለክቷል።

ፈረስ ሲያነጥስ የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ሲብረን ፈረሱ ከሚጎትተው የእንጨት ሸርተቴ ጋር ከጉሙ ወጣ፤ ሸርተቴው ላይ የሸክላ ክምር አለ። ማንንም ሰላም አላለም። ክምሩን ገልብጦ የራሱን አካፋ አነሣ።

«ጋሽ ሲብረን፣ እግዚአብሔር...»

«እግዚአብሔርን ተዪልኝ። ያንቺ ከተበሳ ውሃው መጀመሪያ የሚበላው የእኔን ላሞች ነው።» ጭድ ዝቆ ወረወረው፤ ጭዱ በቀጥታ ፌይከ ጭን ላይ አረፈ። «ያዝ! ንብረትህን ያዝ!»

ፌይከ ጭዱን ከለምዱ ላይ አላራገፈም። «ከግራ በኩል ደህናው አፈር ይቀርባል» አለ በዝቅታ። «ከግራ ጀምር።»

«ማን ጠየቀህ?» አለ ሲብረን። ከግራ ግን ጀመረ።

ከዚያ በኋላ እሱ ይሞላል፣ እሷ ትረግጣለች፤ በባዶ እግሯ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ። የዕለቱ ክፍት ተደፍኖ የቀረው ሣሩን መልሶ ማልበስ ብቻ ሲሆን፣ ከባሕሩ በኩል ቀጭን ነፋስ ተነሣ፤ ጉሙም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ።

ሂልካ በግድቡ ጀርባ ላይ ቆማ ነበር። በቀኟ ባሕሩ ነው፤ እንዲህ ቅርብ ነው ብላ አልገመተችም። አይናወጥም፣ አይጮኽም፤ ግራጫ ሆኖ፣ ሞልቶ፣ ከግድቡ ወገብ በላይ ደርሶ ቆሟል። በግራዋ ሊንስዌርት ናት። ጢስ ከየምድጃው ይወጣል፤ ከጉብታው ሥር አንዲት ሴት ልብስ ከገመድ ታነሣለች፤ ዳክዬዎች በሰልፍ ይሄዳሉ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ስታይ ዓይኗ አላመነም። ባሕሩ ከመንደሩ እርሻዎች ከፍ ብሎ ነበር የቆመው። ከዳክዬዎቹ ከፍ ብሎ፣ ከገመዱ ከፍ ብሎ፣ ልጆች ከሚጫወቱበት ግጦሽ እጅግ ከፍ ብሎ። በመካከላቸው ያለው ይህች የቆመችባት አፈር ብቻ ናት።

የሣር ጓሉን በደረቷ እንዳቀፈች ቀረች።

«ወደዚያ አትይ» አለ ፌይከ ከታች። ከጠዋት ጀምሮ የጠፋው የድሮ ድምፁ ተመልሶ ነበር። «ይህን ስንሠራ ወደዚያ አናይም። ጓሉን ደግሞ እንደ መጽሐፍ አትያዢው። አስቀምጪው። ሣሩ ወደ ላይ። አጥብቀሽ፣ ከሌላኛው ጋር አንገት ለአንገት። አዎ። አሁን በተረከዝሽ ርገጪው።»

ረገጠችው።

«ደግመሽ።»